ቦይ ላይ የቀረው ክስ

ድብስብስ ብሎ የተጻፈ መመሪያ ሳይ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ልጆቼ ይስቁብኛል። የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ "እንደ አስፈላጊነቱ ይወሰድ" የሚል ካነበብኩ፣ አስፈላጊነቱን የሚወስነው ሕመሙ ነው፣ ሐኪሙ ነው ወይስ ሻጩ እያልኩ መድኃኒት ቤት ድረስ ተመልሼ እሟገታለሁ። ነገረኛ ይሉኛል። ልሁን። ነገረኛነቱን የተማርኩት በደርግ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ከሸዋ ሮቢት በታች በነበረ አንድ የመንግሥት ጥጥ እርሻ ውስጥ፣ አንድ ሽማግሌ በሦስት መስመር ድብስብስ አማርኛ ምክንያት ወህኒ ሊወርዱ ሲሉ ነው።

እርሻው ኮምፒውተር ነበረው። በዚያ ቆላ፣ በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ነበር ስል የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ግን ነበረ። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር በእርዳታ የመጣ፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ማሽን ነው። እኔ የቀወት ገበሬ ልጅ ነኝ፤ አዲስ አበባ ጥቂት ወራት ሠልጥኜ በኦፕሬተርነት ተቀጠርኩበት። ማሽኑ ሙቀት አይወድም ተብሎ በግቢው ውስጥ ማራገቢያ ያለው ክፍል እሱ ያለበት ብቻ ነበር። ሰው ውጭ በሐሩር ሲንጨረጨር ማሽኑ ነፋስ ይቀበላል። የእርሻው ካድሬ ሳይቀር ጉዳይ እየፈጠረ ይመላለስ ነበር፤ ጉዳዩ ማራገቢያው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

መብራት የምናገኘው ከጀነሬተር ነው። ጀነሬተሩን የሚያሠሩት ሞተሪስት እዚያው ይፋት ቆላ ተወልደው ያደጉ፣ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ። ያን አሮጌ ሞተር ከሳቸው በቀር ማስነሳት የሚችል አልነበረም። መጀመሪያ ይለምኑታል፣ ቀጥለው ይሰድቡታል፣ ከዚያ "ቢስሚላህ" ብለው መዘውሩን ያዞሩታል፤ ይነሳል። ሌላው ሰው ቀኑን ሙሉ ቢያዞረው ክንዱ ይዝላል እንጂ ሞተሩ አይነሳም። አንድ ጊዜ ካድሬው ራሱ ሊያስነሳው ሞክሮ መዘውሩ እጁን ጠምዝዞት ለሳምንት በሻሽ አንጠልጥሎ ከርሟል።

በሳቸውና በኔ መካከል አንድ ልማድ ነበር። ማንም ያላወጣው፣ የትም ያልተጻፈ ልማድ ነው። ናፍጣ ስለሚቆጠብ ሞተሩ የሚሠራው እስከ ቀትር ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ በመስኮቴ በኩል "ጨረስሽ ልጄ?" ብለው ይጣራሉ። እኔም የያዝኩትን ካስገባሁ በኋላ "ጨርሻለሁ ጋሼ!" እላለሁ። ያን ጊዜ ያጠፋሉ። መልሴን ሳይሰሙ አንድም ቀን አጥፍተው አያውቁም። ብዘገይ እንኳ ግድግዳው ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል።

"ጨርሻለሁ" የምለው ግን በራሴ ግምት አልነበረም። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከልን ወፍራም ደንብ ነበር። ማሽኑን የሚመራው ዋና ፕሮግራም መረጃ እንዴት እንደሚቀበል፣ እንዴት እንደሚያወጣ የሚደነግግ ደረጃ ነው። ፈረንጆች የጻፉትን አዲስ አበባ ያለ ኮሚቴ ወደ አማርኛ መልሶታል። ስለ መጻፍ የሚናገረው ክፍል ሦስት መስመር ነበር። "ማሽኑ ጽሑፉን ተቀብሎ ምላሽ ሲሰጥ ጽሕፈቱ እንደተፈጸመ ይቆጠራል" ይላል አንደኛው። ሁለተኛው "አንድ ጊዜ የተጻፈ መረጃ ወዲያውኑ ሲነበብ መገኘት ይኖርበታል" ይላል። ሦስተኛው "መረጃው በቋሚነት የሚቀመጥበት ጊዜ እንደ አሠራሩ ሁኔታ ይሆናል" የሚል ነው።

ጉዱ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። የማን አሠራር? የምን ሁኔታ? ስሠለጥን ይህንኑ ብጠይቅ አሠልጣኙ "ዝርዝሩ ለእናንተ አያስፈልግም" ብሎ ገጹን ገለበጠው። ስለዚህ ሁላችንም በአንደኛው መስመር እንመራ ነበር። ማሽኑ በፈረንጅ ፊደል "ተፈጽሟል" ብሎ መልስ ሲሰጠኝ እኔም በመስኮት "ጨርሻለሁ" እላለሁ።

ካድሬው በዚህ "ተፈጽሟል" በሚለው ቃል ፍቅር ወድቆ ነበር። ወረቀት የቢሮክራቲክ ካፒታሊዝም ቅሪት ነው ብሎ በስብሰባ አወጀ። ማሽኑ "ተፈጽሟል" ያለው ነገር ሁሉ ወረቀቱ በዚያው ቀን እንዲወገድ፣ የእርሻው ውሳኔም ማሽኑ ላይ ተጽፎ፣ ከማሽኑ ታትሞ፣ ኮሚቴው ከሥሩ ካልፈረመበት በቀር እንዳይጸና አደረገ። ለበላዮቹም በቆላው ወረቀት ያጠፋ የመጀመሪያው እርሻ የኛ ነው ብሎ ሪፖርት ልኳል። የተወገደው ወረቀት የት እንደሚሄድ ለማወቅ የሚፈልግ መናኸሪያ ሄዶ ሽምብራ ቆሎ መግዛት ይበቃዋል። በራሴ የእጅ ጽሑፍ የተጠቀለለ ቆሎ ገዝቼ በልቻለሁ።

ጥጡ ፍሬ በያዘበት ወቅት ፍሬውን እየቦረቦረ የሚበላው ጓይ ትል ገባበት። ትል ቆጣሪዎች ማሳ ለማሳ እየዞሩ የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደተወረረ በቁራጭ ወረቀት ጽፈው አመጡልኝ። ከአዲስ አበባ የመርጫ አውሮፕላን ይመጣል፤ የት እንደሚረጭ የሚነገረው ከዚያ ከማስገባው መረጃ ነው። ዓርብ ዕለት ከጠዋት ጀምሬ ያለ ፋታ አስገባሁ። የመጨረሻዋን ቁራጭ አስገብቼ ማሽኑ "ተፈጽሟል" ሲለኝ አዛን ብሎ ነበር። ሞተሪስቱ ተጣጥበው፣ ኮፍያቸውን አድርገው ከመስኮቱ ሥር ቆመው ነበር። "ጨረስሽ ልጄ?" አሉ። "ጨርሻለሁ ጋሼ!" አልኩ። ወዲያው አጥፍተው ወደ ጁምዓ ሄዱ። ሌላ ቀን ቢሆን መልሴን ከሰሙ በኋላ እጃቸውን እየጠራረጉ፣ ሞተሩን እያዩ፣ ዘይቱን እየለኩ ጥቂት ይቆያሉ። የዚያን ዕለት አልቆዩም። ቁራጮቹ ወረቀቶችም እንደ ደንቡ ወጥተው ተጣሉ።

በማግስቱ ማሽኑን ስከፍት አንዲት ቁጥር አልነበረችም።

አውሮፕላኑ መጣ። ፓይለቱ ባረፈበት ሣር ሜዳ ላይ ቆሞ "የቱን ልርጭ?" አለ። ትል ቆጣሪዎቹ ግማሾቹ አጣዬ ገበያ ሄደው ነበር፤ የተገኙትም አንዱ የተናገረውን ሌላው እያፈረሰ ተጨቃጨቁ። ፓይለቱ ሰልችቶት እንደመሰለው ረጭቶ ተመለሰ። ምርጥ የተባለው ጥጥ ሳይረጭ ለትል ቀረ። በዚያው ምሽት ሞተሪስቱ በእርሻው መጋዘን ውስጥ ታሰሩ፤ በር ላይ ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ቆመ።

ካድሬው ወንጀሉን አስቀድሞ ሰይሞት ነበር፤ አሻጥር። ለስግደት ቸኩሎ ጽሕፈቱ ሳይፈጸም ኃይል አቋረጠ ነው ነገሩ። በዚያ ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል ምን ያህል ሰው እንደዋጠ ለማያውቅ ልንገረው፤ ሰው በዚያ ቃል ወህኒ ከገባ መቼ እንደሚወጣ የሚጠይቅለት አልነበረም። ከኔ የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ጨርሻለሁ አላልኩም" ማለት።

"ብያለሁ" አልኩት።

"እንዲያ ከሆነ አሻጥሩ የሁለታችሁ ነው" አለኝ። "ተመካክራችሁበታል ጓዲት።"

ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነበር። ማሽኑን የሰጠው ወዳጅ አገር አይወቀስ፣ ደንቡን የተረጎመው ኮሚቴ አይወቀስ፣ ወረቀቱን ያስጣለው ካድሬ አይወቀስ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ዱላው ሞተር በሚያነሱት ሽማግሌ ላይ ወረደ።

እሑድ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። የሽንኩርት መደቡን ሊያጠጣ ተራ ይጠብቅ ነበር። በኛ አገር የመስኖ ተራ የሚቆጠረው ከላይ ያለው ሰው ውሃውን ሲለቅ አይደለም። ውሃው መንገድ አለው፤ የቦዩ አፈር ይጠጣዋል፣ ዓይጠመጎጥ በቆፈረው ያፈሳል፣ ከብት ያፈርሰዋል። ስለዚህ የውሃ አባት የተባለው ዳኛ ማሳው አፍ ላይ ይቆምና ውሃው የማሳውን አፈር ሲያርሰው "ገባ!" ብሎ ይጮኻል። ተራህ ከዚያ ይጀምራል። ከላይ ያለው ሰው ለቅቄአለሁ ብሎ ቢምል ቢገዘት "ለቀቅህ እንጂ አላገባህም" ይባላል። በዚህ ላይ የሚከራከር የለም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በዚሁ ነው የሚተዳደረው።

አባቴ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ከቦዩ በእፍኙ ዘግኖ ፊቱን ታጠበ። ውሃው አለ፤ ይጨበጣል፣ ይጠጣል። መሐረብ ሳያገኝ ግን ከላይ የሆነ ቦታ ቦዩ ተጣሰና ውሃው ወደ ገደል ዞረ። አባቴ ፊቱ እርጥብ፣ ማሳው ደረቅ ሆኖ ቀረ። የሰደበውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ሦስቱ መስመሮች ተራ በተራ ፊቴ ላይ ቆሙ። ማሽኑ "ተፈጽሟል" የሚለው ሲቀበል እንጂ ሲያስቀምጥ አይደለም። የተቀበለውን መጀመሪያ የሚይዘው መብራት እስካለ ድረስ በሚቆየው ሜሞሪው ነው፤ ወደ ዲስኩ የሚያወርደው ፋታ ሲያገኝ፣ በራሱ ጊዜ ነው። "እንደ አሠራሩ ሁኔታ" ማለት ይኸው ነው። ሁልጊዜ ሳይጠፋብን የኖረው ሞተሪስቱ ዘይት ሲለኩ ማሽኑ ፋታ ስለሚያገኝ ነበር። እኔ ስንት ዘመን ከቦዩ እየዘገንኩ ማሳው ጠጥቷል ስል ኖሬአለሁ ለካ።

ኮሚቴው ማክሰኞ በማሽኑ ክፍል ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ካድሬው ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ባለሙያ መጥቷል፤ ያንን ደረጃ ወደ አማርኛ ከመለሱት አንዱ ነው። በደጋው በጣርማ በር ሲያልፍ በርዶት የደረበውን ካፖርት በክንዱ ይዞ፣ ላቡን እየጠረገ ገባ። ሦስተኛው የአካባቢው ገበሬ ማኅበር ተወካይ የሆኑ አዛውንት ናቸው፤ በመንደራቸው የውሃ አባት ነበሩ። ሞተሩን የሚያስነሳ ሌላ ሰው ስለሌለ ታሳሪው ራሳቸው በጠባቂ ታጅበው መጡ። የሚከሳቸው ማሽን እንዲሠራ መዘውሩን አዞሩ። ማራገቢያው መዞር ሲጀምር ካድሬው አንገትጌውን ፈታ።

"ጓዶች፣ ጉዳዩ ግልጽ ነው" አለ። "ግለሰቡ ለግል አምልኮው ሲል የሥራውን ፍጻሜ ሳይጠብቅ መብራት አጥፍቷል።"

"ጨርሻለሁ ብያቸው ነው ያጠፉት" አልኩ። "ጨርሻለሁ ያልኩትም ማሽኑ ተፈጽሟል ስላለኝ ነው።"

ባለሙያው መመሪያውን ገለጠ። "ደረጃው ግልጽ ነው። ማሽኑ ተፈጽሟል ካለ ተፈጽሟል። ከዚያ በኋላ የጠፋ ካለ ሰው ያጠፋው ነው።"

"ከተፈጸመ በኋላ መብራት መጥፋቱ የተፈጸመውን ምን ያደርገዋል?" አልኩ። "መብራት ሲጠፋ ከጠፋ ደግሞ አልተፈጸመም ነበር ማለት ነው። ታዲያ የዋሸው ማነው? እሳቸው ናቸው ወይስ ማሽኑ?"

ባለሙያው መመሪያውን ወደ ኋላ መገልበጥ ጀመረ። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው አዩኝና "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው" አሉ። "ልጅቱ ከሥሩ ነው የጠየቀችው። መልስ ይሰጣት እንጂ።"

እንፈትነው አልኩ። አንድ ነገር ልጻፍ፣ ተፈጽሟል ይበል፣ ከዚያ ይጥፋና እንይ። ካድሬው ብድግ አለ። ወዳጅ አገር በወንድማማችነት የሰጠው ማሽን አይፈተንም አለ። ውይይቱ ተዘግቷል፤ ውሳኔው ይጻፍ፤ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ሦስታችን ፈርመን ጠባቂው ሰውየውን ይዞ ወህኒ ቤት ይሂድ። ወደ እኔ ዞሮ "ጻፊ" አለኝ።

እጄን ቁልፎቹ ላይ አኖርኩ። እምቢ ብል ሌላ ሰው ያጽፋል፤ ይህን አውቃለሁ። ከዚያ ድንገት ልቤ ረጋ። እንዳልፈትን ከለከልከኝ፤ እንግዲያው ራስህ ፈትነው አልኩ በሆዴ። እሱ እየተናገረ እኔ ጻፍኩ። ሞተሪስቱ ለግል አምልኮው በመቸኮል፣ ሆን ብሎ ኃይል በማቋረጥ የኢኮኖሚ አሻጥር ስለፈጸመ ለሚመለከተው አካል ተላልፎ እንዲሰጥ ተወስኗል። አንድ ፊደል አላጎደልኩም። ማሽኑ "ተፈጽሟል" አለ።

"ተነባቢ መሆኑን አረጋግጥ" አለ ካድሬው ለባለሙያው። ባለሙያው ቀርቦ አስነበበው። ክሱ ከነነጥቡ የማሽኑ ማሳያ መስታወት ላይ ወጣ። ሁለተኛው መስመር እንደሚለው፣ የተጻፈው ሲነበብ ተገኘ። ካድሬው ደስ ብሎት ወደ አዛውንቱ ዞረና "አዩት አባት? እንዲህ ነው ተፈጸመ ማለት!" አላቸው። ከዚያ ለኔ "አሁን አትሚው" አለኝ።

ተነሳሁ። ወደ ማተሚያው አልሄድኩም፤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ከውጭ ጥበቃው ጠመንጃውን ተደግፎ፣ ሞተሪስቱ ሞተራቸው አጠገብ ቆመዋል።

"ጨርሻለሁ ጋሼ!" ብዬ ጮህኩ።

ዘወር ብለው እንኳ አላዩኝም። እጃቸው ብቻ ሄደ። ስንት ዓመት የለመደች እጅ ናት፤ ታስራም ልማዷን አልረሳችም። ሞተሩ ኩፍ፣ ኩፍ ብሎ ቆመ። ማራገቢያው ዞሮ ዞሮ ሞተ። በግቢው ያሉት ወፎች ሲንጫጩ ተሰሙኝ።

"ማን ነው አጥፋ ያለው?" አለ ካድሬው።

"እኔ ነኝ። ተፈጽሟል ብሏል እኮ። ከተፈጸመ በኋላ ማጥፋት ደንቡ ይፈቅዳል።"

"ይነሳ! አሁን ይነሳ!"

ሞተሪስቱ እንደ ልማዳቸው ሞተሩን ሲለምኑ፣ ሲሰድቡ ከውጭ ይሰማል። ካድሬው ሊያቻኩላቸው ወጣ። ባለሙያው ከአጠገቤ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።

"አውቄው ነበር" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ስንተረጉመው አይተነዋል። ጉድለቱ የአማርኛው አይደለም። ደረጃውን ያወጡት ፈረንጆች ራሳቸው ተከራክረውበት አልተስማሙም። ማሽን ሠሪው ሁሉ የራሱ ማሽን እንዲያልፍለት ፈለገ። ስለዚህ ሁሉንም የሚያሳልፍ ቃል አስገቡና ተጨባብጠው ተለያዩ።"

"እነሱ ተጨባብጠው ሲለያዩ እዚህ ሽማግሌ ታሰሩ" አልኩት። እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ድብስብስ ቃል የስንፍና ውጤት ይመስለኝ ነበር። ለካ በስምምነት ነው። ላይ ያሉት እንዳይጣሉ ቃሉን ያደበዝዙታል፤ የደበዘዘው ቃል ዕዳ ታች ላለው ይደርሰዋል።

ሞተሩ ተነሳ። ማሽኑ ቀስ ብሎ ነቃ። ባለሙያው ራሱ ቁልፉን እየነካ ፈለገ፤ ደግሞ ፈለገ። የለም። ርዕሱ የለም፣ አሻጥሩ የለም፣ ተወስኗል የሚለው የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ካድሬው ፊቱ ጠቁሮ "እንደገና ጻፊው" አለ።

"ተጽፏል እኮ" አልኩ።

"የታለ?"

"ጓድ ሰብሳቢ፣ ሦስታችሁም አይታችሁታል። ማሽኑ ተፈጽሟል ብሏል፣ ሲነበብም ተገኝቷል፤ እንደ ደረጃው ተጽፏል። ተጽፏል ካሉ ክሱ አለና ያሳስሩበት። አልተጻፈም ካሉ ደግሞ ማሽኑ ተፈጽሟል ያለው ሐሰት ነው፤ የዓርቡም ሐሰት ነበር ማለት ነው፤ ጋሼም ምንም አላጠፉም። አንዱን ይምረጡና ያን ጊዜ እጽፋለሁ።"

"ትጽፊያለሽ ነው የምልሽ!"

"ሁለቴ ይጻፍ የሚል አንቀጽ የለም። አልጽፍም።"

 ካድሬው ወደ ባለሙያው ዞሮ "አንተ ጻፈው" አለ። ባለሙያው ካፖርቱን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ በክንዱ ላይ ደረበ። "እኔ ያረጋገጥኩት የመጀመሪያውን ነው" አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ጀግንነት አልለውም፤ ቢሆንም ያን ዕለት በቂዬ ነበር።

ካድሬው ወደ አዛውንቱ ዞረ። አዛውንቱ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። "ቦይ ላይ ነበር፤ ማሳ አልገባም" አሉ። "እኔ ሳይገባ ገባ ብዬ ጮኼ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ አልጀምርም።" ይህን ብለው ሳይሰናበቱ ወጡ።

ካድሬው ብቻውን በብዕር ቢጽፈው ማን ከለከለው የሚል ይኖራል። ራሱ ነው የከለከለው። በማሽን ያልተጻፈ አይጸናም ያለው እሱ ነው፤ ወረቀት ያጠፋ እርሻ ብሎ ሪፖርት የላከው እሱ ነው። በእጁ ቢጽፍ ማሽኑ ክሱን በላው ብሎ ማስረዳት አለበት፤ ክሱን የበላ ማሽን የትሉን ቁጥር አይበላም ብሎ የሚያሳምነው ሰው ከየት ያገኛል። መስታወቱን እያየ ቆመ። ደጋግሞ ያየዋል፣ መስታወቱ ባዶውን መልሶ ያየዋል።

በዚህ መሐል ጥበቃው በሩ ላይ ብቅ አለና "ጓድ፣ ወረቀቱን ስጡኝ" አለ። "ያለ ወረቀት ብወስዳቸው ወህኒው አይቀበለኝም።"

ካድሬው ዓይኑን ከመስታወቱ አላነሳም።

"ወረቀት ከሌለ ምን ላድርጋቸው?" አለ ጥበቃው ደግሞ።

ሞተሪስቱ በሱ ትከሻ ላይ አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ አዩ። እጃቸው በዘይት ጠቁሯል። "ልጄ፣ ምን ተጻፈ?" አሉኝ።

"ምንም ጋሼ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። ፊታቸውን አዙረው ግቢውን አቋርጠው ወጡ። ጥበቃው ካድሬውን አየ፣ ጠመንጃውን አየ፣ ቆመ። የሚከተላቸው አልነበረም።

ክሱ ከዚያ ወዲያ አልተጻፈም። "ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው" እየተባለ ደርግ ወደቀ። እሳቸው እስከዚያው ድረስ ሞተሩን እየሰደቡ አስነሡት። እኔ ግን በሳምንቱ ከማሽኑ ክፍል ተነሥቼ ጥጥ መዳመጫ ተመደብኩ። የጥጥ ብናኝ ምን እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል። ሳሉ አሁንም አልለቀቀኝም። የደረጃው አዲስ እትም በመጣ ጊዜ ግን ሄጄ ሦስተኛውን መስመር ገልጬ አየሁት፤ ተሻሽሏል። "እንደ አሠራሩ ሁኔታ" የሚለው ወጥቶ "እንደ አግባቡ" የሚል ገብቷል።

አንድ ቀን ሞተሪስቱ ፓፓያ ይዘው መዳመጫው ድረስ መጡ። በብናኙ ውስጥ ነጭ ሆኜ ሲያዩኝ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "በኔ ምክንያት ነው ልጄ" አሉ። "ያን ቀን ደግመሽ ጽፈሽው ቢሆን ከማራገቢያው ሥር ነበርሽ።"

"ጋሼ፣ ዛሬም ጻፊው ቢሉኝ አልጽፈውም" አልኳቸው።